ከታች ጀምሩ፦ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባለቦይ መድፍ ጥይቶችን የመለየትና የመሰብሰብ መመሪያ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ቡና ተፈልቶ ቶናው እየተቀዳ ነበር። ማናሳስ አካባቢ የሰው ጓሮ እየቆፈረ አጥር የሚተክል ወዳጃችን በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ገባ። «ይኸውልህ፣ አንተ የምትወደው ብረት! መኪናው ኋላ አስቀምጬ ነው ያመጣሁልህ» አለና ረከቦቱ አጠገብ አኖረው። ፎጣውን ገለጥ ሳደርግ የድሮ የመድፍ ጥይት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ፊውዝ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) እንዳለ ታየኝ። ምድጃውን አጥፍተን ልጆቹን ይዘን ወጣንና ከመንገዱ ማዶ ሆነን 911 ደወልን። ወዳጄ ያን ዕቃ በፍቅር ነው ያመጣልኝ፤ ያላወቀው ከ160 ዓመት በኋላም ባሩድ ባሩድ መሆኑን ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ላሉ ሰዎች ነው። ከዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ብዙ አበሾች ማናሳስ፣ ሴንተርቪልና ፍሬድሪክስበርግ እንሠራለን፣ ቤት እንገዛለን፣ ጓሮ እንቆፍራለን። ከ1861 እስከ 1865 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተዋጉት የሰሜንና የደቡብ ሠራዊቶች በዚሁ መሬት ላይ ብዙ ብረት ጥለው ሄደዋል።

ነገሩ ከእኛም ታሪክ የራቀ አይደለም። የደቡቡ ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ከጦርነቱ በኋላ ለግብፁ ገዢ ለከዲቭ እስማኤል አገልግሎ በማርች 1876 ጉራ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጦር ጋር ተፋልሟል። የቪክስበርግን ምሽግ የነደፈው መሐንዲስ ሳሙኤል ሎኬትም ጉራ ላይ ለግብፆች ምሽግ ሠርቷል። ከዚህ በታች ስሙ የሚደጋገመው የጥይት ፈልሳፊው ሆችኪስ ደግሞ ኋላ ፈረንሳይ ሄዶ ያቋቋመው ድርጅት የሠራቸው መድፎች ዐድዋ ላይ በአፄ ምኒልክ እጅ ነበሩ። እኔን ወደዚህ ዕቃ የሳበኝ ይህ ነው።

ደረጃ 1፦ መለየት ከመጀመራችሁ በፊት

ፊውዝ ያለበት ጥይት፣ ወይም የፊውዙ ቀዳዳ በአፈርና በዝገት የተደፈነ ጥይት፣ ያልፈነዳ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ዝገቱ፣ ዕድሜው ወይም ከውኃ ውስጥ መውጣቱ ይህን አይለውጠውም። የረጠበ ባሩድ ሲደርቅ ተመልሶ ሊቀጣጠል ይችላል።

ቻርለስ ጄምስ የሮድ አይላንድ ሴናተር የነበረ፣ በስሙ የሚጠሩትን ጥይቶች የፈለሰፈ ሰው ነው። በኦክቶበር 1862 ሳግ ሃርበር በምትባል የኒው ዮርክ ከተማ ጥይቱን ሲያሳይ፣ አንድ ሠራተኛ ክዳኑን በጉጠት ለመፍታት ሲታገል ፈነዳ። ሠራተኛው ሞተ፤ ጄምስም በቁስሉ ሞተ። ጥይቱን የፈጠረው ሰው ራሱ ቆሞ እያየ ነው ይህ የሆነው። በፌብሩዋሪ 2008 ደግሞ ቼስተር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለዓመታት የጦርነቱን ጥይቶች ሲያጸዳ የኖረ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዱ ፈንድቶበት ሞተ። ስብርባሪው ሩቅ ያለ የጎረቤት በረንዳ ድረስ ደርሷል።

ስለዚህ ትራፓኖ፣ መዶሻ፣ መፍቻ፣ እሳትና ኤሌክትሪክ ካልመከነ (ባሩዱ ካልወጣለት) ጥይት ጋር አይገናኙም። «ውኃ ውስጥ ነክሬ በስቼዋለሁ» የሚል ሰው ብታገኙ ታሪኩን ስሙለት እንጂ አትከተሉት። መሬት ውስጥ ካገኛችሁት አትንቀሉት፣ አታንቀሳቅሱት። ቦታውን በዓይናችሁ ያዙ፣ ሰዉን አርቁ፣ ደውሉ። በፌብሩዋሪ 2023 ጌቲስበርግ ሊትል ራውንድ ቶፕ ላይ አንድ አርኪዮሎጂስት ባለ 10 ፓውንድ ፓሮት የሚባል ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ሲያገኝ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከፎርት ቤልቯር የመጣ የሠራዊቱ ፈንጂ አምካኝ ቡድን አንስቶ አወደመው። ባለሙያው ያላፈረበትን ነገር እኛም አንፈርበት።

ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የመከነን ጥይት፣ የፈነዳን ስብርባሪ ወይም በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያለን ዕቃ የሚመለከት ነው።

ደረጃ 2፦ መሬቱ የማን ነው?

በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ብረት ፈላጊ መሣሪያ ይዞ መግባትም ሆነ አንዲት ስብርባሪ ማንሳት ወንጀል ነው። በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ የገንዘብና የእስር ቅጣት አለው። የሰመጡ የጦር መርከቦችም ከነጭነታቸው በ2004 ሕግ የተጠበቁ ናቸው። የክፍለ ግዛትና የካውንቲ መሬት የየራሱ ደንብ ስላለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። በግል መሬት ላይ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የቃል ፈቃድ ዕቃው ዋጋ ያለው ሆኖ ሲገኝ ይረሳል።

አጥር የምትተክሉና ጓሮ የምትቆፍሩ ወገኖች፦ ያገኛችሁት ዕቃ የባለመሬቱ ነው። ያልፈነዳ ከሆነ ግን የማን እንደሆነ ከመነጋገር በፊት ስልኩ ይቅደም።

ደረጃ 3፦ ባለቦይ መድፍ ምን እንደሆነ ይግባችሁ

የድሮው መድፍ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ የሚተኩሰውም ድቡልቡል ጥይት ነው። ባለቦዩ መድፍ ግን ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ተቀርጾበታል። ጥይቱ ረጅምና ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ ቦዩን ይዞ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ሩቅና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በኤፕሪል 10 እና 11፣ 1862 ጆርጂያ ያለው የፎርት ፑላስኪ የጡብ ግንብ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከታይቢ ደሴት በተኮሱ ፓሮትና ጄምስ መድፎች ተበስቶ ምሽጉ በሁለተኛው ቀን እጁን ሰጠ። ብትሄዱ ግንቡ ውስጥ ተሰክተው የቀሩትን ጥይቶች እስከ ዛሬ ታያላችሁ። አንድ ቀን መኪና ነድታችሁ እነሱን ማየት ብዙ ሥዕል ከማገላበጥ የበለጠ ያስተምራል።

የሁሉም ፈልሳፊዎች ራስ ምታት አንድ ነበር። ጥይቱ በአፈሙዝ በኩል እንዲገባ ከመድፉ ቀዳዳ ቀጠን ማለት አለበት፤ ሲተኮስ ደግሞ ወፍሮ ቦዩን መያዝ አለበት። ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) አይለጠጥም። ስለዚህ በጥይቱ ታች ወይም ወገብ ላይ ሲተኮስ የሚሰፋ ለስላሳ ነገር ይገጠምለታል፦ እርሳስ፣ መዳብ፣ ነሐስ፣ ለስላሳ ብረት፣ ወረቀት ሳይቀር። ሰብሳቢዎች ሳቦት ይሉታል። እያንዳንዱ ፈልሳፊ የራሱን ሳቦት ስለሠራ፣ ጥይቱን የሠራውን ሰው የሚነግራችሁ ከሾጣጣው ጫፍ ይልቅ መቀመጫው ነው። ጀማሪ ሁሉ ጫፉን ያያል። እናንተ ገልብጡት።

ደረጃ 4፦ ለኩ

ካሊፐር (የወርድ መለኪያ)፣ እስከ 15 ኪሎ የሚመዝን ሚዛን (የወጥ ቤቱ አይበቃም)፣ ማግኔትና ደብተር ይበቃችኋል። ወርዱን በሦስት ቦታ፣ እየዞራችሁ ለኩ። ዝገት ቅርፊት ካለ ልኩ ይዋሻል፤ ንጹሕ የሆነውን ቦታ ፈልጉ። ያገኛችሁት ልክ ከመድፉ ቀዳዳ በጥቂቱ ያንሳል።

ቀዳዳዎቹ እነዚህ ናቸው። 3 ኢንች (76 ሚሊ ሜትር) ከሁሉም የበዛው ነው፤ ፔንሲልቬኒያ ፊኒክስቪል ውስጥ ከተቀጠቀጠ ብረት የተሠራው የኦርድናንስ መድፍ ልክ ነው። ባለ 10 ፓውንድ ፓሮት መጀመሪያ 2.9 ኢንች ነበር። የሁለቱ ጥይቶች መደበላለቅ ሲያስቸግር ከ1863 ጀምሮ ፓሮቱም 3 ኢንች ሆነ። ባለ 20 ፓውንዱ ፓሮት 3.67፣ ባለ 30 ፓውንዱ 4.2፣ ባለ 100 ፓውንዱ 6.4 ኢንች ነው። 3.8 ኢንች ከሆነ ጄምስን ጠርጥሩ። ጥይቱ ባለ ስድስት ጎንና የተጠማዘዘ ከሆነ መለካትም አያሻችሁም፤ ከእንግሊዝ የመጣው ዊትዎርዝ ነው፣ ጎኖቹ ራሳቸው ቦዩን ስለሚይዙ ሳቦት የለውም። ደቡቦች ጌቲስበርግ ላይ ሁለት የዊትዎርዝ መድፎች ነበሯቸው።

ደረጃ 5፦ ገልብጣችሁ መቀመጫውን አንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ሆችኪስ ሦስት አካል አለው፦ ከላይ የጥይቱ ገላ፣ ከታች የብረት ኩባያ፣ በመካከላቸው የእርሳስ ቀበቶ። ሲተኮስ ኩባያው ወደ ላይ ተገፍቶ እርሳሱን ይጨምቀውና ወደ ጎን ያወጣዋል። በገላውና በኩባያው መካከል ክፍተት ካለ አልተተኮሰም፤ ክፍተቱ ተዘግቶ እርሳሱ ከተጨመቀ ተተኩሷል። እርሳሱን አቋርጠው ወደ ላይ የሚወጡ ሦስት ቦዮች ካያችሁበት የጊዜ ፊውዝ የነበረው ነው። ሆችኪስ መድፉን አጥብቆ ስለሚዘጋ እሳቱ ፊት ያለውን ፊውዝ ሳይደርሰው ይቀር ነበርና ለእሳቱ መንገድ ተሠራለት። መጀመሪያ በእጄ የያዝኩት የመከነ ሆችኪስ እርሳሱ ላይ አውራ ጣቴን ሳሻግር የቦዩ ጠርዝ እንደ ትናንት ሥራ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ፓሮት ከታች ጠርዙ ላይ ከጊዛው ጋር የተያያዘ ቀለበት አለው፤ ነሐስ ወይም ለስላሳ ብረት ነው። ማግኔት ስታስጠጉ ከሳበ ብረት፣ ካልሳበ ነሐስ ነው።

ሼንክል ከሁሉም በቅርጹ ይለያል። ወፍራሙ ወደ ፊት ነው፤ ወደ ኋላ እየቀጠነ እንደ ሾጣጣ ይወርዳል፣ በቀጭኑ ላይ ቁመታቸውን የቆሙ ሸንተረሮች አሉት። ሳቦቱ ከተላቆጠ ወረቀት የተሠራ ስለነበር ከመድፉ ሲወጣ ብትንትኑ ይወጣል፣ ከፊት ያለውን የራስ ወገን አይጎዳም። የእርሳስ ቀበቶ ግን እየተገነጠለ የራስን እግረኛ ያቆስል ነበር። ዝናብ ሲመታው ወረቀቱ ያብጥና አልገባ ይላል፤ እሱ ደግሞ የሼንክል ጉድለት ነው። ከመሬት የሚወጣው ሁሌም ያለ ወረቀቱ ነው።

ሼንክል የሚመስል ነገር ግን ሸንተረር የሌለው ሾጣጣ መቀመጫ ካገኛችሁ አርቸር ሊሆን ይችላል። የጦርነቱ መጀመሪያ የደቡብ ሥራ ነው፤ የእርሳስ ቀበቶው አብዛኛውን ጊዜ ተገንጥሎ ጠፍቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ።

ጄምስ ታችኛው ግማሹ የወፍ ቤት ይመስላል፦ ክፍት ክፍት ያለ፣ በብረት ዘንጎች የተያያዘ። እርሳስ፣ ሸራና ቆርቆሮ ይለብስ ነበር።

የደቡቦቹ ሪድ የሚባለው ጥይት፣ የአላባማው ዶክተር ጆን ሪድ ያወጣው፣ ከታች ጊዛው ውስጥ የተያዘ የለስላሳ ብረት ወይም የመዳብ ኩባያ አለው። ሙሌን የሚባለው ደግሞ በቡሎን የታሰረ የመዳብ ሳህን አለው፤ እንዳይዞር ሦስት ትናንሽ ችንካሮች ይይዙታል። መዳቡ ወድቆ ከጠፋ መካከሉ ላይ የቡሎኑን ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ሦስቱን ጉድጓዶች ታያላችሁ። እነዚያ ጉድጓዶች ፊርማ ናቸው።

አሁን ሳቦቱ ላይ ያለውን ሸንተረር ቁጠሩ። የተተኮሰ ሳቦት የመድፉን ቦይ ቅርጽ ይይዛል። ባለ 3 ኢንቹ ኦርድናንስ 7 ቦይ፣ ባለ 10 ፓውንዱ ፓሮት 3 ቦይ፣ ባለ 20ና ባለ 30 ፓውንዱ ፓሮት 5 ቦይ አላቸው። 3 ኢንች የሚለካ ሆችኪስ ሰባት ሸንተረር ካሳያችሁ ከኦርድናንስ የወጣ ነው፤ ሦስት ሰፋፊ ካሳያችሁ ከፓሮት። ጥይቱን ማን እንደሠራው ብቻ ሳይሆን በየትኛው መድፍ እንደተተኮሰ ብረቱ ራሱ ይመሰክራል። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ የምወደው ይህችን ደቂቃ ነው።

ደረጃ 6፦ ገላውንና ጫፉን እዩ

የሰሜኑ ጥይት ብዙውን ጊዜ ገላው ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ነው። የደቡቡ ከላይና ከታች ከፍ ያሉ ሁለት ቀበቶዎች ይኖሩታል፤ በቶርኖ የተስተካከሉት እነሱ ብቻ ናቸው፣ መካከሉ ከአሸዋ ቅርጽ እንደወጣ ሻካራ ይቀራል። ቶርኖና ጊዜ ያጠረው ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ቀበቶው ሲስተካከል መድፉ ውስጥ ለመግባት ይበቃል። ከተሰበረ ጥይት ውስጡን ካያችሁና ግድግዳው ክብ ሳይሆን ባለ ብዙ ጎን ከሆነ፣ እኩል እንዲሰነጠቅ የተሠራ የደቡብ ጥይት መሆኑ ይበልጣል።

ውስጡ ኳስ ያለበት ጥይት ከሆነ፣ የሰሜኑ የእርሳስ ኳስ፣ የደቡቡ እርሳስ ሲያጥረው የብረት ኳስ ይሞላበታል። ጫፉ ላይ ፊውዝ ካለ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። ፊውዙ ወልቆ የመከነ ከሆነ ክሩን፣ የቀዳዳውን ወርድና የብረቱን ዓይነት መዝግቡ፤ ነሐስ፣ ዚንክ፣ መዳብና እንጨት ሁሉም አገልግለዋል።

ድፍን ጥይትም ነበረ፣ ግንብና የብረት ለበስ መርከብ ለመምታት። ነገር ግን «ይህ ድፍን ነው» ብላችሁ በራሳችሁ አትወስኑ። ክብደት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አያረጋግጥም።

ደረጃ 7፦ የእርስ በርስ ጦርነት ያልሆነውን አውጡ

ጎኑ ላይ፣ ወደ ታች አካባቢ፣ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ቀለበት ካለው ጥይቱ በአብዛኛው ከዚህ ጦርነት በኋላ የመጣ ነው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥልጠና ቦታዎች በቨርጂኒያም ብዙ ናቸው፤ የእነሱ ጥይት ከባሩድ የበረታ ፈንጂ ሊይዝ ይችላል። ቀለበቱን ስታዩ የ1860ዎቹ አይደለም ብላችሁ አትናቁት፣ ይበልጥ ራቁ።

አስመስሎ የተሠራም አለ። ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ተወስዶ የፈሰሰ ጊዛ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከእውነተኛው ትንሽ ያንሳል፤ ካሊፐራችሁ እዚህ ይሠራላችኋል። በአሲድ የተፈጠረ ዝገት ብርቱካናማና አንድ ወጥ ነው። መቶ ዓመት መሬት ውስጥ የኖረ ዝገት ጠቆር ይላል፣ ሥፍራ ሥፍራ ይጎደጎዳል። ሳቦቱ ቦይ ያልያዘ ሆኖ ሻጩ «ተተኩሷል» ካላችሁ ምክንያቱን ጠይቁት።

ደረጃ 8፦ ስትገዙ

ጀማሪ ከመሬት አይጀምር፣ ከሌላ ሰብሳቢ ይጀምር። የመከነ ጥይት ለማምከን የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ቀዳዳው መኖሩ ግን ባሩዱ መውጣቱን አያረጋግጥም። ማን፣ መቼ እንዳመከነው የሚል ጽሑፍ ከሻጩ ተቀበሉ። አንድ ጊዜ ከአንድ ነጋዴ «ንጹሕ ነው» የተባለ ሼንክል ገዝቼ ጽሑፍ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ኋላ ባለሙያ ሲያየው ቀዳዳው ውስጥ ድረስ አለመድረሱ ታወቀና ፈንጂ አምካኞች ወሰዱት። ገንዘቤን አልቆጭም፤ ሦስት ወር ሳሎን መቀመጡ ነው የሚያንገበግበኝ።

የተገኘበት ቦታ የተጻፈለት ጥይት ካልተጻፈለት ይበልጣል፤ ቦታው ከሌለ የማን ባትሪ (የመድፈኞች ክፍል) እንደተኮሰው ማወቅ አይቻልም። አንድ ነገር ደግሞ ለወገኖቼ፦ የመከነም ቢሆን፣ አምሳያም ቢሆን በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። ለአገር ቤት ስጦታ አይሆንም።

ደረጃ 9፦ አያያዝ

በደረቅ ብሩሽ ጀምሩ፤ ሽቦ ብሩሽ ከእርሳስና ከመዳብ ይራቅ። እርሳሱ ላይ ነጭ ዱቄት ከወጣ መርዝ ነው፣ ጓንት አድርጉ። የኦክ እንጨት ሣጥን ያምራል፤ የሚያወጣው አሲድ ግን እርሳሱን ይበላዋል። የብረት መደርደሪያ ይሻላል።

ከባሕር የወጣ ጊዛ ሌላ ነገር ነው። ጨው ብረቱን በልቶት ለስላሳ ካርቦን ብቻ ይቀራል፣ በጥፍር ሊጫር ይችላል። ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ በውኃ ውስጥ እንዳለ ወደ ዕቃ ጠጋኝ ባለሙያ መሄድ አለበት። የብስ ላይ የኖረ፣ የደረቀና የጸዳ ብረት ግን ስስ ሰም ተቀብቶ ክፍሉ ከእርጥበት ከተጠበቀ ይበቃዋል።

ለእያንዳንዱ ካርድ ጻፉለት፦ ወርድ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የሳቦት ዓይነት፣ የሸንተረር ብዛት፣ የፊውዙ ዓይነት፣ የተገኘበት ቦታና ቀን፣ ማን ፈቀደ፣ ማን አመከነ። በመቀመጫው፣ በጎኑና በጫፉ በኩል ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱ።

የዚያ ቅዳሜ ጥይት ካርድ ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ወርድና ክብደት የሚለው ባዶ ነው። ወደ በሩ ስንወጣ በስልኬ አንድ ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ፎጣው ተገልጦ ታችኛው የነሐስ ቀለበት ይታያል። አጉልቼ ስቆጥረው ሦስት ሸንተረር አለው። «ፓሮት፣ ባለ 10 ፓውንድ፣ የተተኮሰ፣ ያልፈነዳ» ብዬ ጻፍኩ፣ ቦታውን ከወዳጄ ጠይቄ ሞላሁ፤ «ማን አመከነ» ከሚለው ትይዩ ፈንጂ አምካኞቹ የመጡበትን ሰዓት አሰፈርኩ።